ጰራቅሊጦስን ያረመው መምህር

አንድ መምህር ነበር። ከግሪክ የመጡ የሃይማኖት ቃላትን በመተንተን የሚስተካከለው አልነበረም። በተለይ «ጰራቅሊጦስ» የሚለውን ቃል ሲያነሳ ጉባኤው ጸጥ ይላል። «ጰ፣ ራቅ፣ ሊ፣ ጦስ! ጰ ከከንፈራችሁ ፈንድታ ትውጣ!» ይላቸዋል። «ትርጉሙም በጭንቅ ጊዜ ከጎን እንዲቆም የተጠራ፣ አጽናኝ ማለት ነው።» ይህን ሲናገር ድምፁ ለራሱም ይጥመው ነበር።

አንድ ቀን የጎረቤቱ የእትዬ ስንቅነሽ አንድያ ልጅ ሞተ። መምህሩ ጉባኤ በዝቶበት ለቅሶ ሳይደርስ ሰነበተ። በመጨረሻ ሲሄድ ድንኳኑ ፈርሷል፤ የቀሩት ጥቂት ጎረቤቶች ናቸው። እናትየው ፍራሽ ላይ ተደፍተው ይጣራሉ።

«ጠራቅሊጦስ ሆይ፣ ድረስልኝ! ብቻዬን ቀረሁ!»

መምህሩ ገና «እግዜር ያጽናዎት» እንኳ ሳይል አፉ ቀደመው።

«ጠራቅሊጦስ አይባልም፣ እትዬ። ጰራቅሊጦስ ነው። እስቲ ከእኔ ጋር ይበሉ፤ ጰ…»

እናትየው እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው ከንፈራቸውን አሞጠሞጡ። ሞከሩት፤ አቃታቸው። ከዚያ ቀና ብለው አዩት።

«የኔታ፣ ይሄን ሁሉ ቀን ስጠራው ያልመጣልኝ፣ ለካ ስሙን እያበላሸሁበት ነው?»

የምራቸውን ነበር። ሽሙጥ ቢሆን በቀለለው። መምህሩ ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ፤ ፊቱ ጋለ። ልጁ የሞተ ዕለት እሪታው ጉባኤው ድረስ ተሰምቶ ነበር። እሱ ግን ይህንኑ ቃል እየተነተነ ስለነበር ማቋረጥ አልፈለገም።

ጫማውን አውልቆ ከጎናቸው ተቀመጠ።

«አይደለም፣ እትዬ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «እሱማ ያን ዕለት ሰምቶዎታል። እኔን ልኮኝ ነበር። የቀረሁት እኔ ነኝ።»

እናትየው በለመዱት አጠራር መጣራታቸውን ቀጠሉ። እሱም በየመሐሉ «አሜን» አለ፤ እስኪመሽም ከጎናቸው አልተነሳም።

ቃልን አጥርቶ መጥራት መልካም ነው፣ ማንም አይጠላውም። ነገር ግን ትርጉሙን አውቀን ያልኖርንበት ቃል አንድ ቀን በሰው ፊት ያሳፍረናል። እርስዎስ ለቅሶውን ሰምተው «ኋላ እደርሳለሁ» ብለው ያለፉት ደጃፍ የለም? ካለ ዛሬውኑ ይሂዱ፤ ንግግር ሳያዘጋጁ።