ጀልባዋን አውርዳ ያወጣችው አህያ

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ ለሐይቅ ዳር አገር ጀርባውን በሰጠበት ዓመት፣ እንስሳቱ ሁሉ ተሰብስበው ጀልባ ሠሩ። ሣር የሚባል ነገር ከዳር አገሩ ጠፍቶ፣ ከሐይቁ መሀል ባለችው ደሴት ላይ ብቻ ቀርቶ ነበር። ደሴቷ እንደሆነ ማዶ ሆና ታስጎመጃለች እንጂ በእግር አይደረስባትም! ስለዚህ ትልቅ ዋንዛ ጣሉ፤ ጠርበው፣ ቦርቡረው፣ ያየ ሁሉ አፉን የሚይዝባት ጀልባ አወጡ። በባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ላይ ጫኗት፤ አፍንጫ የምንለውን የፊት ጫፏንም በበሬ ጠፍር ከጋሪው ጋር ጥብቅ አድርገው አሰሩ።

እናንተ ሙያ ማለት ቀዘፋ ይመስላችኋል። አይምሰላችሁ! መቅዘፍማ ዳክዬም ትቀዝፋለች። ሙያ ማለት ከባድ ጀልባን በቁልቁለት አውርዶ ውሃ ማስገባት፣ ከዚያም አንዲት ጭረት ሳያሳዩ መልሶ ማውጣት ነው። እኛ የሐይቅ ዳር ሰዎች የምንኮራው በዚህ ነው፤ ኩራታችንንም ከማን እንደተማርነው አሁን ትሰማላችሁ።

ወደ ውሃው የሚያስገባው መንገድ ድንጋይ የተነጠፈበት ቁልቁለት ነው። ላይኛው ደረቅ ነው፤ ታችኛው ግን አረንጓዴ ለብሶ እንደ ተልባ ያሟልጫል። ንጉሥ አንበሳ ቁልቁለቱን ቁልቁል አየና እንዲህ ሲል ጠየቀ፦

«ጀልባችን አንድ ናት። ከተሰበረች ዘንድሮ ጥጃ አያድግም። ማን ያወርዳታል?»

በቅሎ በአንገቷ ላይ ያለውን ቃጭል እያንቃጨለች ወጣች። «እኔ እያለሁ ማን ይነካታል!»

«ጎበዝ። ነገር ግን ጋሪው ውሃ የሚገባው ኋላውን አስቀድሞ ነው። ወደ ኋላ እየሄድሽ ነው የምትወርጂ» አላት አንበሳ።

«ወደ ኋላ?» በቅሎ ጆሮዋን ጣለች። «የፈረስ የእህት ልጅ አፈገፈገች ይባልልኝ? ሞቼ ነው ቆሜ!» ብላ ተመልሳ ቆመች። አባቷ ማን እንደሆነ ግን እንዳትጠይቋት፤ ትቆጣለች።

ይሄኔ አህያ ከኋላ ብቅ አለች። «ጌታዬ፣ እኔ አወርዳታለሁ። ስትመለስም አወጣታለሁ።»

ጉባኤው በሳቅ ፈነዳ። ቀበሮማ ሆዷን ይዛ «አሁን ይቺ አህያ ምን ታውቃለች!» አለች።

አህያዋን ያንገበገባት ይህ ነበር። በዚያ አገር ጦጣ ከዛፍ ብትወድቅ «አንቺ አህያ» ትባላለች፤ በሬ መንገድ ቢስት «አንተ አህያ» ይባላል። እውነተኛዋ አህያ ግን ሸክም ጥላ፣ መንገድም ስታ አታውቅም።

«ጌታዬ፣» አለች አንገቷን ቀና አድርጋ፣ «ጀልባዋ ገብታ በደህና ከወጣች፣ ስሜ ስድብ መሆኑ ይቅርልኝ። ከዛሬ ወዲያ ያጠፋ ሁሉ ‹አህያ› አይባል። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ብትሰበርስ?» አለች ቀበሮ ቶሎ ብላ።

«ብትሰበርማ ለአያ ጅቦ ስጡኝ።»

ሳቁ ቀጥ አለ። የአያ ጅቦ ለሃጭ ብቻ ጠብ ጠብ ሲል ተሰማ። አንበሳም «ተስማምቻለሁ» አለ።

በማግስቱ አገሩ ሁሉ ሐይቅ ዳር ወጣ። በሬዎቹ «ቶሎ በይ እንጂ፣ ፀሐይ ወጣ!» እያሉ ጋሪውን ሊገፉ ሲሉ አህያ ከቁልቁለቱ አፋፍ ላይ አስቆመቻቸው።

«መቅዘፊያውም፣ ገመዱም፣ ስንቁም እዚሁ ሜዳው ላይ ይጫን። ቁልቁለት ላይ ከወረድን በኋላ ‹ይህን ረሳሁ፣ ያን ረሳሁ› አልሰማም» ብላ ጋሪው እንዳይንሸራተት ታኮ ከጎማው ሥር አስደረገችና ውሃ ልትጠጣ ሄደች።

ቀበሮ የምትፈልገው ይህን ነበር። ጅብን ወደ ጀልባዋ አፍንጫ ወስዳ በሹክሹክታ «አያ ጅቦ፣ እራትህ በዚህች ጠፍር ላይ ተንጠልጥላለች» አለችው። «ግማሹን ብቻ ብላ። ግማሹን ብቻ! ቁልቁለቱ መሀል ሲደርሱ ይበጠሳል፤ ጀልባዋ ተንሸራታ ከድንጋዩ ጋር ትላተማለች። አህያዋ ያንተ፣ ኩላሊቷ የኔ።»

ጅብ አንዴ ነከሰ። እሰይ፣ የሰባ በሬ ቆዳ! ደገመ። ግማሹ የት ላይ እንደሆነ ሲያስብ፣ እያሰበም ሲያኝክ፣ ጠፍሩ አለቀ። ቋጠሮዋን ሳይቀር ዋጣት።

ቀበሮ ዞር ብትል ጠፍር የለም። «ግማሹን አላልኩህም? ምን ነካህ አንተ!»

«ምን ላድርግ፣ መሀሉ ላይ ስደርስ ጣፈጠኝ» አለ ጅብ ከንፈሩን እየላሰ።

አህያ ተመልሳ ከመጠመዷ በፊት ጀልባዋን ዙሪያዋን ዞረቻት። ከሥር ያለውን የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ አየች፤ ውታፉ ጠብቋል። ጎማውን አየች፤ ደህና ነው። አፍንጫዋ ጋ ስትደርስ ግን የጋሪው ግንድ ባዶውን ቀርቶ በለሃጭ ርሷል። ጅብን አየችው። ጅብ ሰማዩን አየ።

አህያ ግን አልጮኸችም። ለጠቡ በኋላ እደርሳለሁ ብላ «የቃጫ ገመድ አምጡልኝ» አለች። «ይሄኛውን እንኳ የሚበላው አይገኝም።» በቃጫው የጀልባዋን አፍንጫ ደግማ ደጋግማ አሰረች። ሌላ ረጅም ገመድ ከጀልባዋ ጎን አስራ ጫፉን ለጦጣ ሰጠች። «ውሃ ላይ ስትንሳፈፍ እንዳትኮበልል ያዣት» አለቻት።

«አሁን ከጀልባዋ ኋላ ማንም አይቁም» አለች ጮክ ብላ። «ብትንሸራተት የምትደፈጥጠው እሱን ነው።»

ሁሉም ሸሸ። አያ ጅቦ ግን «ድርሻዬን ከቅርብ ልጠብቅ» ብሎ ሄዶ ውሃው አፍ ላይ፣ ልክ መንገዱ መሀል ተዘረጋ።

እንግዲህ አስቡት! አህያ ናት፤ ወደ ኋላ እየሄደች ነው፤ ከኋላዋ ደግሞ ጅብ ተኝቶ ይጠብቃታል። ፈራች፤ ለምን ይዋሻል፣ በጣም ፈራች። ሆኖም ዓይኗን አፋፉ ላይ በቆመው አንበሳ ላይ ተክላ፣ ሰኮናዋን እየፈተነች፣ አንድ እርምጃ ወረደች። ደግሞ አንድ። ጋሪው ቁልቁል ሊጎትታት ሲል ትከሻዋን ሰጥታ ያዘችው። አረንጓዴው ድንጋይ ሲጀምር ቀጥ አለች።

«አያ ጅቦ፣ ተነሥ ከዚያ።»

«መሬቱ ያባትሽ ነው? ልተኛበት!»

«እንግዲያው እዚሁ ቆሜ እውላለሁ።»

አንበሳ ይህን ሰምቶ አንድ ጊዜ አገሳ። ጅብ ደንግጦ ሲነሣ አረንጓዴው አሟለጨውና እግሩ ወደ ሰማይ፣ ራሱ ወደ ሐይቁ ገባ። እንስሳቱ ሲስቁ አህያ አልሳቀችም፤ ሥራ ላይ ነበረች። ጎማው ውሃ ውስጥ እስኪሰጥም፣ የጀልባዋ ኋላ ብድግ እስኪል አወረደች። ቀድማ ገመድ አላስፈታችም። ጀልባዋ ራሷን ችላ ስትንሳፈፍ ነው «አሁን ፍቱ!» ያለችው። ጦጣ ረጅሙን ገመድ ያዘች፤ በሬዎቹ ጀልባዋ ላይ ወጥተው መቅዘፊያቸውን አነሡ፤ እናት ላሞች እልል አሉ።

ከሰዓት በኋላ ጀልባዋ ሣር ሞልታ መጣች። ጥጃዎቹ ከሩቅ ሽታው ደርሷቸው ይዘልሉ ጀመር። ጀልባ ማስገባት የሥራው ግማሽ ነው፤ ማውጣት ይቀራል። አህያ እንደገና ወደ ኋላ ወርዳ ጋሪውን ውሃ ውስጥ አቆመች። ሣሩን በሙሉ በሸክም አስወረደች። ጀልባዋ እየተንሳፈፈች ጋሪው ላይ ስትመጣ አፍንጫዋን በቃጫው አስራ፣ ገመዱን ጎትታ ሞከረች፤ ያዘ።

ጋሪው ሊሳብ ሲል ቀበሮ የጅብን ጆሮ ነከስ አደረገች። «ውጣና ጀልባዋ ላይ ከኋላ በኩል ተቀመጥ። ክብደትህ አህያዋን ዳገቱ ላይ ይጥላታል።» ጅብ ምን ገዶት! ዘሎ ወጣና እንደ ጌታ ተዘረጋጋ።

«አያ ጅቦ፣ ውረድ» አለች አህያ።

«ጠዋት አስነሣሽኝ፣ አሁን ደግሞ ውረድ? አልወርድም!»

አህያ ቆመች። ቀበሮ ይህን ስትጠብቅ ነበርና ወደ አንበሳ ሮጠች። «ጌታዬ፣ አቃታት! ይኸው ቆማ ቀረች!»

አንበሳ ርቦት፣ ሰልችቶትም ነበር። «አንቺ፣ ሳቢ!» ብሎ ጮኸ።

«ይማሩኝ ጌታዬ፤ አልስብም።»

ንጉሥ «ሳብ» ብሎት «አልስብም» ያለ እስከዚያች ቀን አልነበረም።

«ያስያዝኩት የራሴን አንገት ነው» አለች አህያ። «ጅብ ተቀምጦባት ይህን አሟላጭ ዳገት ብስብ እኔ እወድቃለሁ፣ ጀልባዋ ትሰበራለች፣ ነገ ጥጃ ይርበዋል። ከፈለጉ አሁኑኑ ይብሉኝ። ጀልባዋ ግን እኔ ተጠምጄባት አትሰበርም!»

አንበሳ ቁልቁለቱን ቀስ ብሎ ወረደ። አህያዋን አያት። የታሰረውን ገመድ አየ። ጅብን አየና በዝቅተኛ ድምፅ «ውረድ» አለው። አንበሳ ሲጮህ ያስፈራል፤ በዝግታ ሲናገር ግን ይብሳል። ጅብ መውረዱን እንኳ ሳያውቅ ወርዶ ተገኘ።

ያኔ አህያ ሳበች። ሰኮናዋ ድንጋዩን ቆነጠጠ፣ አንገቷ ተወጠረ፣ ጎማው ከውሃው ወጣ። ሳታቆም፣ ሳትሮጥም፣ ደረቁን ድንጋይ አልፋ ሜዳው ላይ አደረሰቻት። ታኮውን አስደረገች፤ ውታፉንም አስነቀለችና በውስጧ የቀረው ውሃ ፈሶ አለቀ። አንበሳ ጀልባዋን በመዳፉ እየዳሰሰ ሦስት ጊዜ ዞራት። ጭረት የለም።

«ስሙ!» አለ። «ዛሬ የታዘዝኩት እኔ ነኝ፤ መታዘዜም አኮራኝ። ከእንግዲህ በአገሬ ያጠፋ ሁሉ ‹አህያ› አይባል!»

እልልታው ሐይቁን ተሻግሮ ተሰማ። በዚያ መሀል አያ ጅቦ «እና እራቴስ?» ሲል ጠየቀ።

ቀበሮ ቀኑን ሙሉ የዋጠችው ንዴት ገነፈለ። «ዝም በል፣ አንተ አህ...» ብላ ክው አለች። እልልታው ጸጥ አለ። የሁሉም ዓይን እሷ ላይ ወደቀ።

«ጨርሺው እንጂ» አላት አንበሳ።

«አንተ... አንተ...» ቀበሮ ላብ አጠመቃት። የለመደችው ስድብ ተከልክሏል፤ ሌላ ደግሞ አልመጣ አላት። ጨንቋት «አንተ ቀበሮ!» ብላ አረፈችው።

አገሩ በሳቅ ተንከተከተ፤ በሬዎቹ ሣሩ ላይ ተንከባለሉ። አህያም ጠዋት ያልሳቀችውን ሳቅ አሁን አንገቷን ወደ ሰማይ ዘርግታ፣ ጥርሷን ሁሉ አሳይታ ለቀቀችው። ለዚህ ነው አህያ እስከ ዛሬ ድረስ ስትጮህ ማንንም የማታፍረው።

ከዚህ የምንማረው፣ ሙያውን የሚያውቅ ሰው የጠላት ተንኮልም ሆነ የጌታ ቁጣ ከሥራው ሥርዓት ፈቀቅ ካላደረገው፣ የተዋረደ ስሙን በገዛ ጉልበቱ እንደሚያስከብር ነው።