ቀባሪዎቹን የገደለ ሰው

ሁለት በሬ ያለው አንድ ሰው ነበረ። ጋሽ ወንድይፍራው፣ «እናንተ የወፍ ማኅበርተኞች፣ ዓላማችሁ ምንድን ነው? ደግሞ ጥንብ አንሳ ምኑ ይጠበቃል?» ብለው ጠይቀውኛል። በዚህ ሰው በኩል ልመልስልዎ።

ከሁለቱ በሬዎቹ አንዱን ጅብ በላበት። ሰውየው ተናደደ፤ ማንም ይናደዳል። ለሰብል ተባይ የገዛው መድኃኒት ቤቱ ነበረና፣ ከበሬው የተረፈውን ሥጋ ገደሉ አፋፍ ድረስ ጎትቶ መድኃኒቱን አርከፈከፈበት። አንዲት ጎረቤቱ አየችውና፣ «አንተ፣ ጅብ እኮ የማታ እንግዳ ነው። እስኪመሽ የሚመጣውን ምን ልትለው ነው?» አለችው።

«የመጣ ይምጣ» አላት።

የመጣው ጥንብ አንሳ ነው። ጥንብ አንሳ ሥጋ የሚያገኘው በማሽተት ሳይሆን በማየት ነው፤ አንዱ ሲወርድ ሌላው ከሩቅ አይቶ ይከተለዋል። እስከ ቀትር ከሠላሳ በላይ ወረዱ፣ ሲመሽ ሁሉም ክንፋቸውን እንደዘረጉ እዚያው ቀሩ። ጅቡ በዚያ በኩል ዝርም አላለ። ሰውየው ግን፣ «ጥንብ አንሳ ነው፤ ማን ያለቅስለታል» ብሎ ወደ ቤቱ ገባ።

በጋው ሲገባ በአገሩ የከብት በሽታ ተነሣ። እዚህ ላይ ልብ ይበሉልኝ። ድሮ አህያ ቢሞት ጠዋት ጎትተው አፋፉ ላይ ይጥሉታል፤ ከምሳ በፊት አጥንት ብቻ ነው። አሁን ግን የጠዋቱ አህያ ለሳምንቱም እዚያው ነው። ውሻ ቅልጥሙን እየጎተተ ደጃፍ ያደርሰዋል፣ ሽታው ቤት ለቤት ይዞራል።

ያ ሰው ደግሞ የቀረው አንድ በሬ ነው። ለማረስ፣ አንድ በሬ ያለው ሌላ ሰው ፈልጎ መቀናጀት አለበት። ጎረቤቱን ቢጠይቀው፣ «በሬህ ጥንቡ አጠገብ ነው የሚግጠው። ከኔ በሬ ጋር አንድ ቀንበር ውስጥ አላስገባውም» አለው። ሌላም ሰው ጠየቀ፤ መልሱ ያው ነው። የእርሻው ጊዜ ደረሰ፣ መሬቱ ጦሙን ሊያድር ሆነ።

በመጨረሻ ወደ ሽማግሌዎች ሄዶ፣ «መቀናጆ ከልክለውኛል፣ ፍረዱኝ» አለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «ቀባሪዎቻችንን የገደልክ አንተ ነህ። እንግዲህ ቅበር» አለው።

«ብቻዬን?»

«ብረር አላልንህም፤ ቆፍር ነው ያልንህ።»

ቆፈረ። መሬቱ ድንጋይ ስለሆነ አንዱ አህያ ብቻ ቀን ተኩል ፈጀበት። መንገደኛው ሁሉ፣ «አሞራው፣ እንደምን ዋልክ? ዛሬስ አልበረርክም?» ይለዋል። መጀመሪያ ይቆጣ ነበር፤ ሦስተኛው ጉድጓድ ላይ ግን ራሱም ሳቀ። ምክንያቱም ይሄን ሁሉ ሥራ እነዚያ ወፎች ማንም ሳያዝዛቸው፣ ፀሐይ ሳይበረታ ጨርሰው የሚሄዱት ነበር።

ሰባተኛውን በቀበረ ማግስት፣ የዚያን መቀናጆ የከለከለውን ጎረቤቱን ጊደር ጅብ በላት። ጎረቤትየው የመድኃኒቱን ጠርሙስ ይዞ ሲወጣ፣ ያ ሰው ቀድሞት ደርሶ፣ ዱላውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ከሥጋው አጠገብ ተቀምጧል።

«እዚህ ላይ ጠብታ አታፈስም» አለው።

«ምን አገባህ? ጊደሯ የኔ ናት።»

«ጊደሯ ያንተ ናት፤ መቅበሩ ግን የኔ ነው። ወገቤን አላየኸውም? ለጅቡ አጥር ይበጀዋል፤ እሾህ እቆርጥልሃለሁ፣ አብረን እናጥራለን።»

ጎረቤትየው ሳይፈልግ ሳቁ አመለጠውና ጠርሙሱን ከደነ። ረፋዱ ላይ ከሩቅ ሁለት ጥንብ አንሳ መጡ። ሰውየው ለእንግዳ ቦታ እንደሚለቅ ሰው ተነሥቶ ራቅ አለ። በሦስተኛው ቀን አጥሩን አጥረው ሲጨርሱ ጎረቤትየው፣ «በል፣ በሬህን አምጣው» አለው። መሬቱም ታረሰ።

እንግዲህ ጋሽ ወንድይፍራው፣ ማኅበራችን ያ ዱላውን አጋድሞ የተቀመጠው ሰው ነው። ወፎቹ የሚያድሩበት ዋርካ አይቆረጥ፣ ገደሉ ላይ ያለው ጎጆ አይነካ፣ ጥንብ ላይ መርዝ አይደረግ የምንለው ወፍን ከሰው አስበልጠን አይደለም። እርስዎ የእድር ዳኛ ነዎት፤ ቀባሪ ያጣ ሰፈር ምን እንደሚሆን ከኔ በላይ ያውቃሉ። ወፍ የምንቆጥረውም እርስዎ በቀብር ቀን ስም እንደሚጠሩት ነው፤ ማን ቀረ፣ ለምን ቀረ ለማለት። ደግሞ ደስ ይበልዎት፣ አምና ገደሉ ላይ ሁለት ጎጆ ነበረ፤ ዘንድሮ አምስት አይተናል።

ታዲያ ነገ ጅብ ከበረትዎ ቢገባ፣ ጠርሙሱን ከማንሣትዎ በፊት ሰው ይላኩብን። እሾሁን ተሸክመን እንመጣለን፤ ሥጋውን ለባለቤቶቹ እንተውላቸው።