ማዶ ሰማ ወይ?

ዛሬ የምትረግጡት ድልድይ እንጨቱ ገና በደን ቆሞ ሳለ፣ ቀበሌ የሚባለው ነገር ስሙም ሳይሰማ፣ በዚችው በሾላ ውሃ አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ባል የሞተባት ናት። ሀብቷ አንድ በሬ ነበር፤ ቡሬ ትለዋለች። ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅታ ታሳርሰዋለች።

ሾላ ውሃን ያኔም የአዝዋሪ ወንዝ ለሁለት ይከፍላት ነበር። ሹሙም፣ ሸንጎውም፣ ገበያውም ላይ አምባ ነው። ላይ አምቦች፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ፀሐይ እነሱን አስፈቅዳ የምትወጣ ይመስላቸው ነበር። ታች አምባ ያለው ሰው ብቻ ነው፤ አንጓችም የታች አምባ ናት። በበጋ ታች አምቦች ከብታቸውን አሻግረው በላይ አምባ በኩል ካለው መስክ ያሰማራሉ። ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላል፤ መንገዱም ይቋረጣል። የሸንጎው ወግ ደግሞ የተገኘ ይወስናል ነው።

አንድ ዓመት ላይ አምቦች መስኩን ለእርሻ ሊከፋፈሉት አሰቡና ወንዙ እስኪሞላ ጠበቁ። ወሬው ግን ከሙላቱ ቀድሞ ተሻገረ፤ አንጓችም ሰማች። መስኩ ከታረሰ ቡሬ በጋውን አይዘልቅም። ቡሬ ከሞተ እሷም ለማኝ ናት።

በመጀመሪያው እሑድ ሸንጎው ተቀመጠ። አንጓች ወንዙ ዳር ቆማ፣ መስኩ የሁላችንም ነው እያለች ጉሮሮዋ እስኪደርቅ ተጣራች። ወንዙ ድምፅዋን በላው። ጭቃ ሹሙ ቢሻው፣ ማዶ ዝም ብለዋል፣ ዝምታ እሺታ ነው አለ።

በሁለተኛው እሑድ ሸንጎው ተቀመጠ። አንጓች ታች አምቦችን ሰብስባ ወንዙ ዳር ቆመች። ነጠላቸውን እያውለበለቡ፣ ተው አታድርጉ አሉ። ላይ አምቦችስ? ደስ ብሏቸው ነው ብለው እነሱም አውለበለቡላቸው። ያልሰማ ጆሮ ከጎረቤት ያጣላል የሚባለው ይኼ ነው።

በሦስተኛው እሑድ ሸንጎው መስኩን በዕጣ ሊከፋፈል ተቀመጠ። አንጓች ጎረቤት አትግቢ እያለ ቢለምናትም ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፤ ቡሬን ነድታ ወንዙ ውስጥ ገባች፤ ጭራውን ጨብጣ ያዘች። እንዴት እንደፈራች! ውሃው ይወስዳቸዋል፣ ቡሬ ይታገላል፣ እሷ አትለቅም። እግሩ መሬት ሲነካ አንገቱን አቅፋ አለቀሰች።

ውሃው ከቀሚሷ እየተንጠፈጠፈ ከሸንጎው መሀል መጥታ ቁጭ አለች።

"አንቺ ሴት፣ በዚህ ሙላት ምን አመጣሽ?" አለ ቢሻው።

"አባቶቼ፣ ልሟገት አልመጣሁም። ስትወስኑ ልሰማ ነው። ማዶ ያሉት ማን ምን አለ ብለው ሲጠይቁኝ እነግራቸዋለሁ። በሉ ቀጥሉ።"

ቢሻው የዕጣውን እንጨቶች የያዘውን ሰፌድ ዘረጋ። የሚያወጣ ጠፋ። በሌለ ሰው ላይ መወሰን ቀላል ነበር፤ ከፊታቸው ተቀምጣ በብርድ በምትንቀጠቀጥ ሴት ላይ ግን ማን አፉን ይክፈት? አንዱ ተነሣና የራሱን እንጨት መልሶ ወሰደ። ሌላውም ተከተለ። ሰፌዱ ባዶ ሲቀር ቢሻው ጋቢውን አውልቆ አለበሳት፤ መስኩም እንዳለ ይቆይ አለ።

ከዚያ ወዲህ በክረምት ሸንጎው ውሃው ረጋ ብሎ ድምፅ ከሚሻገርበት ቦታ ወንዙ ዳርና ዳር ይቀመጥ ጀመር። ሳይወሰን በፊት "ማዶ ሰማ ወይ?" ተብሎ ይጠየቃል፤ መልሱ እስኪመጣ ይጠበቃል።

ድልድዩ ከተሠራ በኋላ አንድ አዲስ የቀበሌ ሊቀመንበር መጣና፣ ዛሬ ሁላችን እዚሁ አይደለን፣ ማዶ ማን አለ ብሎ ሣቀ። አንድ ሽማግሌ፣ እስኪ ማን እንደቀረ ዞር ብለህ እይ አሉት። ቢያይ አንዲት አራስ ቀርታለች፤ የሚወሰነው ደግሞ በእሷ ደጅ ስለሚያልፈው መንገድ ነበር። ስብሰባው እንዳለ ተነሥቶ እሷ ደጅ ሄዶ ተቀመጠ። ሊቀመንበሩም ራሱ በሯ ላይ ቆሞ "ማዶ ሰማ ወይ?" አለ።

እኔም ከአባቶቼ የሰማሁትን አሰማሁ። እናንተ እዚያ ጥግ ያላችሁት፣ ማዶ፣ ሰማችሁ ወይ?