የትንሿ ኮሌጅ ዲግሪ

አንዲት ምላሰ ስል የጉልት ነጋዴ ነበረች። ልጇ ወይንሸት በከተማቸው ትንሽ ኮሌጅ ለዲግሪ ትማራለች፤ የመንግሥት ድጎማ ካላገኘች ግን ትምህርቷ መቋረጡ ነው። እናት ቢሮ ሄዳ ብትለምን፣ ኃላፊው አቶ ድንበሩ ወንበራቸው ላይ ተለጥጠው፣ "ሴትዮ፣ ድጎማው ዩኒቨርሲቲ ለሚማር ነው። የትንሽ ኮሌጅ ዲግሪ ምኑ ዲግሪ ነው?" አሉና ባለጉዳዩን ሁሉ አሳቁባት።

እሷም ነጠላዋን አስተካክላ፣ "ጌታዬ፣ እርስዎ ክርስትና የተነሡት የት ነው?" አለች።

"ገጠር፣ በሣር ክዳኗ ኪዳነ ምሕረት። ምነው?"

"ውይ በሞትኩት! ካቴድራል ካልሆነማ ምኑ ክርስትና ነው? በሉ ለቄሶቹ ልንገራቸው፤ ሲሞቱ ፍትሐቱ ይቅርብዎ!"

ባለጉዳዩ በሳቅ ፍርስ አለ። አቶ ድንበሩ አማትበው ወደ ጸሐፊያቸው ዞሩና፣ "ኧረ ቶሎ ጻፉላት! ልጅቷም ትማር፣ እኔም በወጉ ልቀበር!" አሉ።