የአበጋዝ ሁለት በሬዎች

«ሁለቴ ጻፍሽው እኮ!» አለ አበጋዝ፣ በወይንሸት ትከሻ ላይ አንገቱን አስግጎ ኮምፒውተሩን እያየ።

«ሁለቴ ነው የሚጻፈው፣ ጋሼ።»

«እንዲህማ ከሆነ እሰየው!»

በእኛ ሰፈር፣ በወረቀት ሀብቱ ለሚንጠራራ ሰው የምንወረውራት አባባል አለች። ያለ አባት አልተወለደችም፤ አባቷ ይኸው የኮምቦልቻው ቆርቆሮ ነጋዴ አበጋዝ ነው።

የዚያን ዕለት አንድ ተቋራጭ የአራት መቶ ሰማንያ ሺህ ብር ቆርቆሮ በዱቤ ወሰደ። የሂሳብ ሠራተኛዋ ወይንሸት ደረሰኙን ቆርጣ አበጋዝ በቅርቡ ባስገባው ሶፍትዌር መዘገበችው፤ በግራ «ተሰብሳቢ»፣ በቀኝ «ሽያጭ»።

«ግራው ሰውየው ገና ያልከፈለን ነው፤ ቀኙ የሸጥነው ነው» አለችው። «ቆርቆሮው ግን ያው አንድ ነው። ሲከፍለን ተሰብሳቢው ይቀንስና ባንካችን ይጨምራል።»

አበጋዝ ግን ከሰው ንግግር ደስ ያለውን ለቅሞ ሌላውን ገለባ ነው ብሎ የሚያበር ሰው ነው። ያን ያህል ገንዘብ የፈሰሰበት ሶፍትዌር አንድን ነገር በከንቱ ሁለቴ አይጽፍም፤ ገንዘቤ እጥፍ ሆኗል ብሎ ደመደመ።

እሁድ የሴት ልጁ የምስራቅ ሠርግ ነበር። አንድ በሬ ሊጥል አስቦ የነበረው ሰው፣ በዕድር ስብሰባ ላይ ተነሥቶ «አንዱን በግራው፣ ሌላውን በቀኙ!» ብሎ ፎከረ። አማቹ፣ የሙሽራው አባት፣ በፊተኛው ልጃቸው ሠርግ አንድ ብቻ ጥለው ነበርና ሊበልጣቸው ጓጉቷል። ጠሪ ላከ፤ የተኳረፋቸውን ሳይቀር ጠራ። በእጁ የነበረችውን ጥሬ ብርም ድንኳንና ቢራ በሏት።

ቅዳሜ ጧት የከብት ነጋዴው አባ ይመር ሁለት ሰንጋ እየነዱ ደጁ ደረሱ። አማቹም ድንኳኑን ሊያዩ መጥተው ቆመዋል። አበጋዝ የበሬዎቹን ዋጋ ከዱቤው ሊከፍል ለተቋራጩ ደወለ።

«ክፍያ ሲለቀቅልኝ ነዋ፣ ጋሼ!» አለና ሰውየው ስልኩን ዘጋው።

ሌላ ሰው ቢሆን አፈር ይሆን ነበር። አበጋዝ ግን ወይንሸትን ኮምፒውተሩን አሸክሞ አስወጣት።

«ይኸው ይመልከቱ፣ አባ ይመር! በግራ አራት መቶ ሰማንያ ሺህ፣ በቀኝ አራት መቶ ሰማንያ ሺህ!»

«ማሻ አላህ» አሉ ሽማግሌው ጎንበስ ብለው። «ባንክ የሚለውስ የት ነው?»

አበጋዝ ወይንሸትን አያት። ወይንሸት የድንኳኑን ጣራ አየች።

«እሱ እንኳ... ገና ነው። ግን ማሽን አይዋሽም!»

«የለም፣ አልዋሸም። እንግዲያው በሬዎቼንም እዚያው ጻፋቸውና እረዳቸው።»

«ነገ ሽሮ ነው በሉኛ» አሉ አማቹ፣ ጋቢያቸውን እያጣፉ።

አበጋዝ ሳያስበው እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ፤ ባዶውን አወጣው። አባ ይመር ያንን አዩና ሰንጋዎቻቸውን ወደ መጡበት አዙረው፣ ዞር እንኳ ሳይሉ፣ «ግራ ቀኙ ጠግቦ፣ መሀሉ ጦሙን አደረ» አሉ።