የትርንጎ ሰርግና የተበላችው ሽቦ

ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ ወሬዋ ትረዝማለች፣ እኔም አላሳጥራትም።

ድሬዳዋ ውስጥ ትርንጎ የምትባል ሙሽራ ነበረች። የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አባቷ ጋሽ ደምመላሽ ታክሲ ሠርተው ባሳደጉባት አሮጌ መኪና ከቤት መውጣት። «ያቺ መኪና ካልሄደች አልወጣም» አለች። ጎረቤቱ «አቦ፣ ነጭ መኪና ተከራዩላት!» ቢል ማን ሰምቶት።

ጋሽ ደምመላሽ ቁልፉን አዞሩ። መኪናዋ እምቢ፤ «ሞተሩ ካልተነሳ አልሄድም።» ሞተሩም እምቢ፤ «ካንዴላው እሳት ካልሰጠኝ አልነሳም።» ካንዴላውም እምቢ፤ «ዲስትሪቢዩተሩ ኤሌክትሪክ ካልላከልኝ እሳት አልሰጥም።»

የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ከፈቱ። ኤሌክትሪኩን ወደ መኪናዋ አካል የምታደርሰው ቀጭን የማሳ ሽቦ ተበልታ በአንዲት ክር ተንጠልጥላለች። እንግዲህ ሽቦዋ አትይዝም፤ ዲስትሪቢዩተሩ አይልክም፤ ካንዴላው እሳት አይሰጥም፤ ሞተሩ አይነሳም፤ መኪናዋ አትሄድም፤ ትርንጎም አትወጣም።

ጋሽ ደምመላሽ ቸኮሉ። ከቤት መብራት የተረፈ ደረቅ ሽቦ ቆርጠው አሰሩ። ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ሽቦው የታሰረባት ሳህን ደግሞ ጋዝ በተሰጠ ቁጥር ወዲያ ወዲህ ትላለች፤ ደረቁ ሽቦ ቀጭ! «ለስላሳ ካልሆንኩ አልይዝም» አለ።

ለስላሳ ሽቦ የት ይገኛል? በተቃጠለ ስፒከር ውስጥ። ስፒከሩ የማን ነው? ድንኳኑ ውስጥ ሙዚቃ የሚያጫውተው የአያልቅበት። እሱም እምቢ አለ።

«ጋሽዬ፣ ከተቃጠለው ስፒከሬ የቀረው አንድ ጤነኛ ሽቦ ነው፤ እጅዎ ደግሞ ይንቀጠቀጣል። ለትርንጎ ከሆነ እሰጣለሁ። ጋራዥ ውስጥ ካጠገብዎ ሆና ብየዳ የተማረችው እሷ አይደለችም እንዴ?»

ወደ ትርንጎ ሄዱ። ሚዜዎቹ በሩን ዘግተዋል። «ሙሽራው ሳይመጣ ሙሽራ ከቦታዋ አትነሳም!» እንግዲህ ሚዜዎቹ በር አይከፍቱም፤ አያልቅበት ስፒከር አይሰጥም፤ ሽቦው አይይዝም፤ ዲስትሪቢዩተሩ አይልክም፤ ካንዴላው እሳት አይሰጥም፤ ሞተሩ አይነሳም፤ መኪናዋ አትሄድም፤ ትርንጎም አትወጣም። ሰዓቱ ግን ይሄዳል። ጋሽ ደምመላሽ በሩ ላይ ቆመው «ልጄ፣ አልሆነልኝም፤ አያልቅበትም ሽቦውን ላንቺ ካልሆነ አልሰጥም አለ፤ ነጩን መኪና እንከራይ» አሉ።

ትርንጎ ብድግ አለች። «እናንተ፣ ፈላጊዋም እኔ፣ ተፈላጊዋም እኔ! ዞር በሉ!» ቬሎዋን ሰበሰበች፣ የአባቷን ቱታ ደረበች።

ሚዜዎቹ በሩን ከፈቱ፤ አያልቅበት ስፒከሩን ሰጠ፤ ትርንጎ ለስላሳዋን ሽቦ ቆርጣ በየደች፤ ሽቦዋ ያዘች፤ ዲስትሪቢዩተሩ ላከ፤ ካንዴላው እሳት ሰጠ፤ ሞተሩ ተነሳ! ድንኳኑ በእልልታ ተናጋ።

በዚህ መሃል ሙሽራው ከነአጃቢው ደረሰ። አባቱ ሞተሩን አዳምጠው «ምን ዓይነት መካኒክ ነው እንዲህ ያስነሳት?» አሉ።

ጋሽ ደምመላሽ ደረታቸውን ነፉ፤ ዓይናቸው ግን እንባ ሞልቷል።

«የምትወስዷት ናት» አሉ።

መኪናዋም ሄደች፤ ትርንጎም ወጣች።