ከልጇ ገዳይ ጋር የተቆራኘችው ዳኛ

በድሮ ዘመን፣ የአገር ድንበር በጦር ጫፍ በሚሰመርበት ጊዜ፣ ሁለት ነገሥታት ነበሩ። የደጋው ንጉሥ ጓንጉል ይባላል፤ ኩሩ ነው፣ ግን ቃሉን አያጥፍም። የቆላው ንጉሥ ሽበሺ ይባላል፤ ዝምተኛ ነው፣ ግን ቂም አይረሳም። በሁለቱ አገር መካከል አንድ ሸለቆ አለ። በሸለቆው ውስጥ ሆራ ይፈልቃል፤ ከብት ሲጠጣው የሚሰባበት ጨዋማ ውኃ ነው።

ልጆች፣ ለዚያ ሸለቆ ሦስት ጊዜ ተዋጉ። መጀመሪያ ስለ ውኃው ተዋጉ። ቀጥሎ በመጀመሪያው ጦርነት ስለ ሞቱት ሰዎች ተዋጉ። በሦስተኛው ግን ስለ ምን እንደሚዋጋ የሚያውቅ አልነበረም፤ ብቻ ተዋጉ። ሆራው ደም ደም ሸተተ። ከብቱም አልጠጣም አለ።

ከሦስተኛው ጦርነት በኋላ የሁለቱም አገር እናቶች ሬሳ ሲለዩ ሸለቆው ውስጥ ተገናኙ። ያንቺ ይኸውልሽ፣ የኔ ደግሞ ያ ነው ተባባሉ። ከዚያ ተያይዘው ወደ ነገሥታቱ ሄዱና ከእንግዲህ ለጦር የምንወልደው ልጅ የለም አሉ።

ነገሥታቱም መከሩ። ሁለታችንም ባለጉዳዮች ነን፤ ከሦስተኛ አገር ዳኛ እንጥራ፣ የፈረደውንም እንቀበል ብለው ማሉ።

የተመረጠችው እመቤት ትርንጎ ነበረች። ከተራራው ማዶ ያለች የአንዲት ትንሽ አገር ገዢ ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ በነገር የማትቸኩል፣ ፊት አይታ የማትፈርድ ሴት። ያለቻት አንዲት ልጅ ናት። ያምሮት ትባላለች። ደጋ ተድራ፣ እርጉዝ ሆናለች። ትርንጎም ይህን አልደበቀችም። ልጄ ያለችው ደጋ ነው፣ ካልወደዳችሁ ሌላ ዳኛ ፈልጉ አለች። ሽበሺም፣ እሷን አምናለሁ አለ።

በጓንጉል ቤት ብላታ ቸኮል የሚባል አማካሪ ነበር። አንደበቱ ቅቤ፣ ሆዱ እሾህ። ሸለቆው ለደጋ ከተፈረደ ጉልት አድርጌ እሰጥሃለሁ ብሎ ንጉሡ ቃል ገብቶለታል። ቸኮልም ሸለቆውን ገና ሳያገኘው በልቡ እያረሰው ነበር።

ትርንጎ ሸለቆው ውስጥ ዳስ አስጥላ ተቀመጠች። የደጋን ሽማግሌዎች ሰማች። የቆላን ሽማግሌዎች ሰማች። በመጨረሻ አንድ በጣም ያረጀ የደጋ ሰው አስምላ፣ አያቶቻችሁ ከብታቸውን ወደ ሆራው ሲያወርዱ ማንን ያስፈቅዱ ነበር ብላ ጠየቀችው። ሽማግሌው ንጉሡን አየ። ቀጥሎ መሬት መሬቱን አየ። ከዚያ በየዓመቱ ለቆላ አንድ ወይፈን ይነዱ እንደነበር፣ ቆላም ውኃውን ከልክሏቸው እንደማያውቅ ተናገረ።

ቸኮል ይህን ሲሰማ ሸለቆው እንዳመለጠው ገባው። የያምሮት ባል ከንጉሡ ጋር ሰፈር ውስጥ ነው፤ እሷ ብቻዋን ናት። ሰዎች ልኮ ከቤቷ አስወሰዳትና አምባ ላይ ባለ ቤት አስቆለፈባት። ፍርድ በሚሰጥበት ጧት ደግሞ ወደ ትርንጎ ድንኳን ገብቶ የልጇን ማተብ መዳፏ ላይ አኖረላት።

«ልጅዎ እኔ ዘንድ ናት» አላት። «ምጥ ይዟታል አሉኝ። ሸለቆው ለደጋ እንደተፈረደ አዋላጅ ይገባላታል።»

«ልጄ ምን አደረገችህ?»

«ምንም። ልጅዎ መሆኗ ብቻ ነው።»

ትርንጎ ማተቡን ጨብጣ ቆመች። ብትጮህ፣ ሁለቱ ሠራዊቶች ጦር እንደጨበጡ ትይዩ ተቀምጠዋል፤ እዚያው ይተላለቃሉ። ለጓንጉል በስውር እንዳትነግረው፣ ያዘዘው እሱ ይሁን አይሁን አታውቅም። ሳትፈርድ ብትሄድ ጦርነት ነው። አዛብታ ብትፈርድ፣ የሽማግሌውን ምስክርነት ሁሉም ሰምቷል፤ እሱም ጦርነት ነው። በየት ብትዞር ሬሳ ታያት። የሚሻል መንገድ ፈለገች፣ አጣች። ከዚያ ወጥታ ፈረደች።

«መሬቱ የቆላ ነው። ደጋም እንደ አያቶቹ ከብቱን ያጠጣ፤ የሚከለክለው አይኑር። ጦር ይዞ ወደዚህ ሸለቆ የሚወርድ፣ የደጋም ይሁን የቆላ፣ መሐላውን ያፈረሰ እሱ ነው።»

ሕዝቡ መበተን ሲጀምር ወደ ጓንጉል ጠጋ ብላ የሆነውን ነገረችው። ጓንጉል አላወቀም ነበር። ቸኮልን አስያዘና ከትርንጎ ጋር ወደ አምባው ጋለበ።

የበሩ ጠባቂ ንጉሡን ሲያይ ተንበረከከ። ሴትየዋ ስትጮህ እንደነበር፣ ብላታ ካልፈቀደ ማንም እንዳይገባ መታዘዙን፣ አሁን ግን ዝም ማለቷን ተናገረ። በሩን ከፈቱት። ያምሮትም ልጇም ቀዝቅዘዋል።

ትርንጎ ነጠላዋን አውልቃ ሁለቱን አለበሰቻቸው። ተከትለው የመጡት የደጋ መኳንንት በር ላይ ሆነው፣ ፍርዱ ውርደት ነው፣ አፍርሰው እንዝመት እያሉ ንጉሡን ይወተውታሉ።

ጓንጉል የሞተችውን እያየ፣ «እመቤት ትርንጎ ይህን ከፍላ የፈረደችውን እኔ ላፍርስ?» አላቸው። ፍርዱ ጸና።

ከዚያ ቸኮልን አስመጣና በትርንጎ እግር ሥር ጣለው። እርስዎ ይፍረዱበት አላት።

«እኔ ባለ ደም ነኝ» አለች። «ባለ ደም ዳኛ አይሆንም።»

እንግዲያው እኔ ልፍረድ አለ ጓንጉል። እሷም፣ እርስዎ ጌታው ነዎት፣ ሸለቆውን ሊሰጡት ቃል የገቡለትም እርስዎ ነዎት አለችው። ሽበሺ ወሬውን ሰምቶ መጣና እኔስ አላት። እርስዎ ደግሞ በፍርዴ ተጠቅመዋል አለችው።

ስለዚህ በረሃ ተሻግሮ ወዳለው ወደ ሽማግሌው ንጉሥ ወደ ዋሴ እንዲሄዱ ተወሰነ። በዚያ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቆሙ ድረስ ተቆራኝተው ይሄዱ ነበር። የትርንጎ ቀኝ እጅና የቸኮል ግራ እጅ በአንድ ሰንሰለት ታሰሩ። ልጇን በቀበረች ማግስት፣ ከገዳይዋ ጋር መንገድ ጀመረች።

አብረው ሄዱ፣ አብረው ተቀመጡ፣ አብረው ተኙ። እሱ ተኛ እንጂ እሷስ አልተኛችም። ሲጠማው ከቅሏ ታጠጣዋለች። አዝናለት አይደለም፤ ዳኛው ፊት በሕይወት እንዲደርስ ነው። መጀመሪያ ይቅርታ ለመናት፤ አልመለሰችለትም። ቀጥሎ ንጉሡ አዞኝ ነው ብሎ ዋሸ፤ አልመለሰችለትም። በመጨረሻ በረሃው መካከል ተቀመጠና አልነሣም አለ።

«ቢላ ይዘዋል፤ ይግደሉኝና ይገላግሉኝ» አላት።

«መግደሉንስ ሳልመኘው የዋልኩበት ቀን የለም» አለችው። «ግን እኔ ከገደልኩህ፣ የቆላውም የደጋውም ሰው፣ ትርንጎም ለራሷ ሲሆን ዳኛ አላስፈለጋትም ይላል። ነገ ሁሉም ጦሩን ያነሣል። ተነሥ፣ እንሂድ።»

ተነሣ። ሄዱ።

ንጉሥ ዋሴ ሁለቱንም ሰማ፣ የአምባውን በር ጠባቂም አስጠርቶ ሰማ። ቸኮል እንዲሰቀል ፈረደ፤ ተሰቀለም። ሰንሰለቱን ከትርንጎ እጅ ሲፈቱላት፣ አሁንስ ልብዎ አረፈ ወይ ብለው ጠየቋት። አላረፈም አለች። ወደ አገሯ ተመልሳ፣ እንደዚያው ልቧ ሳያርፍ አርጅታ ሞተች።

ደጋና ቆላ ከዚያ በኋላ መጣላት ተዉ ብዬ አልዋሻችሁም። ተጣሉ። አንዴም ከሁለቱ ነገሥታት የልጅ ልጆች አንዱ ነግሦ የዳኛ ቃል ናቀና፣ ሸለቆው እንደገና በሬሳ ተሞላ። ከቀብር ሲመለሱ ግን ወዴት መሄድ እንዳለባቸው ያውቁ ነበር፤ ከሦስተኛ አገር ዳኛ ጠሩ።

ልጆች፣ በራሱ ጉዳይ ማንም ዳኛ አይሁን፤ ንጉሥም ቢሆን፣ የተበደለም ቢሆን። ፍርድ ቀላል ነው ያላችሁ ሰው ካለ ግን አትመኑት።

ተረቱ እዚህ ላይ አበቃ። እኔ እንደ ሰማሁት አደረስኩላችሁ፤ እናንተም ሳታሳምሩ አድርሱት።